የኦይታ ምስክሮች

«ልጁማ አለ እንጂ። ምን ሆኖ አይኖርም? እኔ አጎቱ ቆሜ እመሰክርልሻለሁ» ሲል ዳልጮን በግድግዳው በኩል ሰማሁት። ግድግዳ አልኩ እንጂ በእኔና በእትዬ ዘሪቱ ክፍል መካከል ያለው ጭቃ ከተሰነጣጠቀ ቆይቷል። ጋዜጣ ለጥፈንበት ነው የምንኖረው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ትላለች። እግሬን ከስፌት መኪናዬ ላይ አነሳሁ፤ መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ቀረ። ልጇ ኦይታ እኮ ሞቷል። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ከወደቀ ሰንብቷል፤ ወረቀቱ ቀበሌ የደረሰው ደግሞ የመስቀል ዋዜማ ነበር። እኔ አውቃለሁ፣ ዳልጮ ያውቃል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ካሱ ያውቃል፣ ሲቀላ ገበያ ቅቤ የምትቸረችረው ሴትዮ ሳትቀር ታውቃለች። ከአርባ ምንጭ ሰው ሁሉ ያላወቀችው የወለደችው ብቻ ናት። እና ወንድሟ፣ ያውም የእናቷ ልጅ፣ ይህን እያወቀ «አለ» ብሎ ሊፈርምላት ነው።

ለምን አልተነገራትም ያለ ሰው የጋሞን መስቀል አያውቅም ማለት ነው። እኛ ዘንድ በመስቀል አይለቀስም። አዲስ አበባ ሽመና የወረደው ሁሉ አገሩ ይገባል፤ ደጅ አይዘጋም፤ የተጣላ ይታረቃል፤ መርዶ የሚባል ነገር አይነሳም። መርዶ ያነሳ ሰው ጎሜ ገባ ይባላል። ጎሜ ማለት የተከለከለውን የጣሰ ሰው የሚያመጣው ጣጣ ነው፤ እሱን ብቻ ነክቶ አይተውም፣ ዝናቡ ይቀራል፣ ላም ትጨነግፋለች፣ የሰው ልጅ ይታመማል። ከጨንቻ የወረዱት ሽማግሌዎች ካሱ ቢሮ ቁጭ ብለው በዓሉ ሲወጣ በማለዳ ተሰብስበን እንነግራታለን አሉ። ካሱ ሊቀመንበር ነው፣ ጎሜ የኋላ ቀር እምነት ነው ብሎ በስብሰባ ያስተማረ ሰውዬ ነው፤ ግን እሱም እሺ አለ። እኔ ደግሞ ጴንጤ ነኝ። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ እየተሸሸግን የምንጸልይ ሰዎች ነን፣ ጎሜን አናምንም። አላምንም እላለሁ እንጂ፣ እቴ፣ ያን ሰሞን እትዬ ዘሪቱ ቡና ቁርሱን ይዛ ወደ እኔ በመጣች ቁጥር ቃል እንዳያመልጠኝ ከስፌቴ ቀና አልልም ነበር።

አሁንም መጣች። ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳለች፣ ፊቷን ቅባት ነክታዋለች። «ጽጌ፣ ተነሺ ነጠላሽን ልበሺ፣ ባንክ እንሄዳለን። ምስክር ልትሆኚኝ ነው» አለች። ነገሩን ቀድማም አጫውታኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከዶርዜ ቡልኮ እያወረደች፣ እኔ ጠርዙን እየቀመቀምኩላት፣ ለብርድ አገር ሰው እየሸጠች ያጠራቀመቻት ገንዘብ ባንክ አለች። ባሏ የሞተ ጊዜ የእሱን ትንሽ ሂሳብ ለማውጣት የወራሽነት ማስረጃ አምጪ ተባለች። ፍርድ ቤት ሄደች፤ የባሏ ዘመዶች ተቃወሙ፤ ቀጠሮ፣ ደግሞ ቀጠሮ፣ ዳኛው ተዛውሯል፣ መዝገቡ ጠፍቷል። በመጨረሻ ለራፖር ጸሐፊና ለትራንስፖርት ያወጣችው ካገኘችው በለጠ። «ልጄ በእኔ ገንዘብ እንደዚህ አይንከራተትም» ብላ ማለች። ታዲያ ባንክ ያለው ጸሐፊ አንድ መላ ነገራት፤ በሕይወት እያለሽ ተቀባይ አስመዝግቢ፣ የሞትሽ ለት ሰውየው መታወቂያውን ይዞ መጥቶ ይወስዳል፣ ፍርድ ቤት አይደርስም። የሚፈለገው ተቀባዩ ዛሬ በሕይወት እንዳለ የሚመሰክሩ ሁለት የሚያውቁት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«ሙሉዬስ?» አልኳት፣ እግሬ ጫማውን እየፈለገ። ሙሉዬ እሷ ያሳደገቻት ልጅ ናት። እናቷ የመንግሥት ሠራተኛ ተከትላ ከሰሜን የመጣች ልጅ እግር ነበረች፤ ወባ ገደላት፤ እትዬ ዘሪቱ ሕፃኗን በቡልኮ ጠቅልላ ቤቷ አስገባቻት፣ በቃ። ጉዲፈቻ የለ፣ ወረቀት የለ። አሁን ኮረዳ ሆና ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። «ሙሉዬን ኦይታ ያሳድጋታላ። እህቱ አይደለች እንዴ?» አለችኝ፣ ምን የሚጠየቅ ነገር አለው በሚል ዓይን። እኔ ግን ሒሳቡ ወዲያው ገባኝ። የተመዘገበው ተቀባይ የሞተ ከሆነ ገንዘቡ ተመልሶ ፍርድ ቤት ይገባል። ፍርድ ቤት ደግሞ ልጅ የሌላትን ሴት ወራሽ ፈልግ ሲባል የሚያገኘው ወንድሟን ነው። ሙሉዬ ማን ናት ቢባል ማንም አይደለችም፤ በማግሥቱ ሻንጣዋ ደጅ ነው የሚጣለው። ለካ ዳልጮ፣ እህቱ ስትታመም ጎመን ይዞ የማይመጣው ዳልጮ፣ በመስቀል ሥጋ ጥሎ ባንክ ለመሄድ የቸኮለው ለዚህ ነው።

ጓሮ ዞር ብዬ ሙሉዬን አገኘኋት። ሽንት ቤቱ ጥግ ቆማ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። «ጭስ ነው» አለችኝ። እሳት የሚባል አልተያያዘም። «ዛሬስ የት ነው የምታድሪው?» አልኳት። «አንቺ ጋ ነዋ፣ እትዬ ጽጌ፤ ምነው?» አለች። ትናንትም እኔ ጋ ነበረች፤ እትዬ ዘሪቱ ፊት ለቅሶዋ እንዳያመልጣት ሰሞኑን እኔ ጋ ነው የምታድረው።

ባንኩ ወዳለበት ወደ ሴቻ የሚወጣውን መንገድ በእግር ያዝነው። ዳልጮ ከፊት ከፊት ነው፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ሙሽራ የሚያጅብ ነው የሚመስለው። ከተማው ሁሉ መስቀል ነው፤ ቅርጫ የሚካፈሉት አንድ ጥግ፣ የሚዘፍኑት አንድ ጥግ። እኛ ስንደርስ ግን ዘፈኑ ይወርዳል። የሚያጨበጭቡት ሴቶች እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ ይቀራሉ፤ ካለፍን በኋላ ነው ቀስ ብሎ የሚቀጥለው። ሥጋ የሚያካፍለው ሰውዬ ሮጦ መጥቶ የማንም ያልሆነ አንድ መደብ በቅጠል ጠቅልሎ እጇ ላይ አኖረና ዋጋ ስትጠይቀው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተመለሰ። ካሱ ከብስክሌቱ ወርዶ፣ እሱ እንኳን ለሷ ለፈጣሪም ከብስክሌት የሚወርድ ሰው አይደለም፣ «እናቴ፣ የእናት አገር ጥሪ መዋጮሽን ተይው፣ ተሰርዞልሻል» አላት። ከአንድ ሻይ ቤት የሬዲዮ ዜና ይሰማ ነበር፤ እሷን ሲያዩ አጠፉት። ሕፃናት እንኳ፣ ሌላ ቀን «ቡልኮ! ቡልኮ!» እያሉ የሚከተሏት፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመው አሳለፏት።

«ጽጌ፣ ሰው ምን ነክቶት ነው እንዲህ ደግ የሆነው?» አለችኝ። «መስቀል አይደል» አልኳት። «መስቀል አምናም ነበረ» አለችና የሥጋውን ጥቅል ወደ ሌላ እጇ አዛወረች።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ሁለቱ ሐይቆች በሚታዩበት መታጠፊያ ትንፋሽ ልትወስድ ቆመች። አባያ እንደ ልማዱ ደፍርሶ ቀልቷል፣ ጫሞ ከወዲያ ሰማያዊ ነው፣ ከላይ ንፋስ የሚባል የለም። ዳልጮ ራቅ ብሎ ይጠብቀናል። እሷ ከመሬት ጋር የምታወራ መሰለች። «ደጁን እኮ አልዘጋሁትም። ከመስቀል ዋዜማ ጀምሮ አልዘጋሁትም፤ ፈቃድ ከሰጡት በሌሊት ይገባ ይሆናል ብዬ። አጎዛውን አንጥፌለታለሁ፣ ቆጮውንም በቅቤ አድርጌ አጠገቡ ከድኜለታለሁ። ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ አጎዛውን በእጄ ብዳስሰው፣ ጽጌ፣ ሞቋል። ሰው አሁን የተነሳበት መኝታ ነው።»

«ድመት ትሆናለች» አልኩ።

«ድመት አለን እንዴ?»

የለንም። ሙሉዬም እኔ ጋ ነበረች። በዚያ የአርባ ምንጭ ቀትር፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። በልቤ ኢየሱስ ጌታ ነው፣ ኢየሱስ ጌታ ነው እያልኩ ተከተልኳት። እሷ ግን የፈራች አትመስልም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ እርምጃዋ ፈጠነ።

ባንኩ ውስጥ ሰው አልነበረም። ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ መብራት ጠፍቶ ቆሟል፤ ዝንብ እንኳ ዝም ብሎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ጸሐፊው አቶ ሸዋንዳኝ ከሸዋ ተዛውሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው። ሚስቱ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር አባል ናት፤ ስለዚህ እሱም ያውቃል። ከመነጽሩ በላይ አየንና ፊቱ ተለዋወጠ። «እናቴ፣ ለምን ከበዓሉ በኋላ አይመጡም? ዛሬ ኃላፊው የሉም፣ ማኅተሙም…» ብሎ ማኅተሙን በክንዱ ሲሸፍነው አየሁት። ዳልጮ ጣልቃ ገባ፤ «እኔ ነገ ወደ ጨንቻ እወጣለሁ። የመጣነው ለሥራ ነው። ማኅተሙስ ያው አይደለም እንዴ ክንድህ ስር?» አለው። ሸዋንዳኝ ቅጹን አወጣ፣ እያነበበ ሞላ። «ኦይታ የተባለውን የባለ ሂሳቧን ልጅ በቅርብ የምናውቀው መሆኑን፣ ዛሬም በሕይወት ያለ መሆኑን በፊርማችን እናረጋግጣለን።» «በሕይወት ያለ» የምትለው ጋ ሲደርስ መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ ነው የጨረሳት።

ዳልጮ አላመነታም። አውራ ጣቱን ቀለሙ ላይ ከብዶ ተጫነው፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው፣ ሰፊ ሐምራዊ አሻራ። ጣቱን በጋቢው ሊጠርግ ሲል ነጭ መሆኑ ትዝ አለውና በአየር ላይ ይዞት ቆመ። «በይ እንግዲህ» አለኝ።

ብዕሩን ሰጡኝ። እኔ መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ፣ ስሜን አሳምሬ ነው የምጽፈው። ግን ምን ብዬ ልጻፍ? ብፈርም የሞተን ልጅ አለ ብዬ ዋሽቼ መሰከርኩ፤ ሙሉዬንም በገዛ እጄ ከቤት አስወጣኋት። ባልፈርም ደግሞ ያው ነገርኳት ማለት ነው፤ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ዘመድ፣ በቀትር፣ በመስቀል፣ ባንክ ቤት ውስጥ። እንዲህ ያለ መርዶ ማን ተረድቶ ያውቃል? ጎሜ የለም የምለው ሴትዮ ጎሜ ፈራሁ። እንኳን ጎሜ ሌላም ይምጣ አልኩና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እኔ አልፈርምም፣ እትዬ።»

«ለምን?»

«እጄን አሞኛል።»

ዳልጮ «ምን ያለችው ናት!» ብሎ ጮኸ። «ስም መጻፍ ምን ያማል? ሴትዮ፣ በዓሉን አታበላሺ!» እትዬ ዘሪቱ ወደ እሱ ዞር አላለችም። እጄን ያዘችና ገለበጠችው፤ ቡልኮ ስትገዛ ድሩን በጣቷ እንደምትፈትሸው ጣቶቼን አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። «ይሄ እጅ ዛሬ ጠዋት ሲሰፋ ሰምቼዋለሁ» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ሸዋንዳኝን አየችው፤ እሱ ቅጹ ላይ አቀረቀረ። በር ላይ የቆመውን ዘበኛ ወልደ ሚካኤልን አየችው፤ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ዳልጮን ግን አላየችውም። ያ ማራገቢያ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ መብራት በሌለበት ቀስ ብሎ አንድ ዙር ዞረና ቆመ። ንፋስ ነው እንላለን።

«በሙሉዬ ስም ቢሆንስ፣ ጽጌ? ያኔም እጅሽን ያምሻል?»

«ሙሉዬማ አለች!» አልኩ።

ሳላስበው ነው አፌ ያመለጠኝ። ካመለጠኝ በኋላ ነው የሰማሁት። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁላችንም ሰማነው። እትዬ ዘሪቱ እጄን አልለቀቀችም። እጇ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይታወቀኝ ነበር፤ ከጣቷ ጀምሮ እስከ አንጓዋ።

«አዎ» አለች። «ሙሉዬ አለች። ጻፍላት፣ ልጄ።»

ዳልጮ ምን ያልተናገረው አለ! ሙሉዬ ደሟ እንዳልሆነች፣ ባዳ እንደሆነች፣ አማራ እንደሆነች፣ የአባታቸው አጥንት እንደሚወጋት። ሸዋንዳኝ ግን ከዚያ ሁሉ ማመንታት በኋላ እጁ ፈጠነ፤ አዲስ ቅጽ አውጥቶ ሞላው። እኔ ፈረምኩ። ሁለተኛ ምስክር ሲባል ወልደ ሚካኤል ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ «ልጅቷን አውቃታለሁ፣ በዚህ በር ነው ትምህርት ቤት የምታልፈው» ብሎ ፈረመ። ማኅተሙ ሁለት ጊዜ ተመታ። ሸዋንዳኝ የመጀመሪያውን ቅጽ ሊቀድደው ሲያነሳ እትዬ ዘሪቱ «እሱን ለእኔ ስጠኝ» አለችው። ደንብ አይፈቅድም ሊል አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው፤ ሰጣት። አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ስንመለስ ፊት ፊት የሄደችው እሷ ነበረች። አለቀሰች እንዳትሉ፣ ጭራሽ። ገበያ ገብታ ቅቤ ገዛች፣ ተከራከረች፣ አስቀነሰች። ቤት ስንደርስ ዳጣውን፣ የቃሪያውን ማባያ፣ ራሷ ፈጨች፣ ቆጮውን አቀረበች፣ ለዳልጮ በገዛ እጇ ቅቤ አፈሰሰችለት፤ እስኪንጠባጠብ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ቦርዴ ተቀዳ። ሴቶቹ ሲዘፍኑ ተነስታ መሀል ገባች። ስትዘፍን የሚያዩአት ሴቶች ፊታቸውን ወዲያ እያዞሩ ነበር የሚያጨበጭቡት። እኔማ ጥግ ይዤ እሷን እሷን አያለሁ፤ ያወቀች አትመስልም፣ ያላወቀችም አትመስልም። አብዳ ይሆን? አልሰማችኝ ይሆን? ጌታ ሆይ፣ ምን አድርጌያት ነው? እያልኩ ዋልኩ። ዳልጮ ግን ጠገበ፣ ሰከረ፣ በቅጹ ነገር የነበረውን ኩርፊያም ረሳ፤ ከበዓሉ በኋላ በፍርድ ቤት አስፈርሰዋለሁ ብሎ ይሆናል።

እንግዳ ሁሉ ተበትኖ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እቃ ላጥብ ወደ ክፍሏ ገባሁ። አጎዛው አልተነጠፈም። ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ከድና ያቆየችውን ቆጮ ለሙሉዬ አቅርባላት፣ ልጅቷ እንባዋ እየወረደ ትበላለች፣ እትዬ ዘሪቱ አጠገቧ ተቀምጣ «ብይ፣ ብይ» ትላታለች። ስወጣ ከኋላዬ በሩ ሲጢጥ አለ። ከዋዜማው ጀምሮ ክፍት የነበረው ደጅ ተዘጋ፤ መወርወሪያው ሲገባ ሰማሁት። ያኔ ገባኝ። አውቃለች፤ ጎሜ ሳታመጣብን፣ በዓላችንን ሳትነካብን፣ መርዶዋን ብቻዋን ይዛ ልትጠብቅ ነው።

በዓሉ ወጣ። ዳልጮ ወደ ጨንቻ መውጣቱን ተወው፤ ሽማግሌ ሲመጣ ፊት ረድፍ ላይ ሊገኝ ነዋ። ጎሕ ሲቀድ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ድረስ የተከናነቡ ሽማግሌዎች ድምፅ ሳያሰሙ ግቢያችን ገቡ፤ ካሱም ከኋላ አለ፣ ብስክሌቱን ደጅ አቁሞ። እኔና እኔ ጋ ያደረችው ሙሉዬ ተቃቅፈን ወጣን። የመርዶ ነጋሪ ወጉ በር አንኳኩቶ የተኛውን ማስነሳት ነው። የሚያንኳኩት በር ግን አላገኙም፤ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ተጠርጓል። ከጎረቤት የተለመነ አግዳሚ ወንበር ሁሉ ዙሪያውን ተደርድሯል፣ ለእያንዳንዱ ሽማግሌ መቀመጫ። መካከል ላይ፣ በኦይታ አጎዛ ላይ፣ እትዬ ዘሪቱ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ተላጭታለች። ጥቁር ለብሳለች። ምን ጊዜ እንዳደረገችው እኔ እንኳ፣ በዚያ ግድግዳ ብቻ ከእሷ የምለየው፣ አልሰማሁም።

ሽማግሌዎቹ ባሉበት ደረቁ። አንጋፋው ጋቢውን ከአፍንጫው ላይ አወረደ። «ተቀመጡ» አለቻቸው። «ደክሟችኋል። ይህን ያህል ቀን ተሸክማችሁልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ።» ተቀመጡ። ያኔ ዳልጮ ጋቢውን አሸርጦ፣ ደረቱን እየደለቀ፣ «ኦይታዬ! ወንድ ልጄ! የእህቴ ቤት መዝጊያ!» እያለ መሀል ላይ ወደቀ። የሱን ለቅሶ የሰማ የወለደው እሱ ይመስለዋል።

«ዳልጮ» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከመቀነቷ ያቺን የታጠፈች ወረቀት አወጣች፣ ዘረጋቻት፣ ጉልበቷ ላይ አስተካከለቻት። ሐምራዊው አሻራ ከእኔም ይታያል። ሽማግሌዎቹ ወረቀቷን አዩ፣ ቀጥሎ እሱን አዩ።

«አንተ አታልቅስ። አንተ እኮ ልጄ አለ ብለህ ምለህልኛል። ይኸው ጣትህ። እኔ ሴት ነኝ፣ የት እንዳለ አላውቅም፤ አንተ ታውቃለህ። ደጁን ከፍቼ እጠብቅሃለሁ። በል ተነስና ሂድ፣ አምጣልኝ።»

ዳልጮ ከወደቀበት ቀስ ብሎ ተነሳ፣ እጁን ጋቢው ስር ከተተ።